ከባህሩ አንድ ነገር

ስህተቱ የኔ ነው። ሰኞ ጠዋት በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ የባህር ቀን ይከበራል። እያንዳንዱ ነዋሪ ከባህሩ አንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ልጽፍ የፈለግኩት «የባህል ቀን» ነበር። አማርኛን በላቲን ፊደል እየመታሁ መጻፍ የለመድኩት ውጭ ሳለሁ ነው። ጣቴ «ል»ን ስቶ «ር»ን መታ፤ ኮምፒውተሩም አንዴ ያየውን ቃል ሁለተኛው ቦታ ላይ ራሱ ሞላልኝ። አትሜ፣ አራቱን ማዕዘን በፕላስተር ለጥፌ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ሁሉ አይቼው ነበር። ቆንጆ ነው ብዬ ነበር።

አረጋውያን በሚኖሩበት በዚህ ቤት የመዝናኛ አስተባባሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ያኔ አምስት ወር ሆኖኛል። ሰባት ዓመት ባህር ማዶ ተምሬ ስመለስ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣና አንድ ሰማያዊ ፋይል ነው። ፋይሉ ውስጥ ለአሥራ ሁለት ወር አሥራ ሁለት «ቀን» አለ፤ የዚህ አገር ቀን፣ የዚያ አገር ቀን፣ የባርኔጣ ቀን፣ የጭፈራ ቀን። ወረቀት ትቆርጣለህ፣ ግድግዳ ላይ ትሰቅላለህ፣ ሙዚቃ ትከፍታለህ፣ ታስጨበጭባለህ። አራቱን ሞክሬያለሁ። በባርኔጣው ቀን ለአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር የወረቀት ባርኔጣ ጭንቅላታቸው ላይ ሳደርግላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ልደቴ ነው ወይስ ልሞት ነው?» አሉኝ።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቢሮዬ በር ተደበደበ። ጋሽ መልህቅ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጭነት መርከብ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ግን መርከቡ ሳይሆን አልጋቸው ነው። አንዴ ጋደም ካሉ የሚያነሳቸው የለም። ከአራቱ ቀኖቼ ለአንዱም ከክፍላቸው አልወጡም።

«ማነው?» አሉ በሩ ላይ እንደቆሙ።

«ማን ማነው ጋሼ?»

«እዚህ ቤት ባህር የሚያውቅ ማነው? ማንን አማክረህ ነው የባህር ቀን የምታከብረው?»

«ስህተት ነው ጋሼ። የባህል ለማለት ፈልጌ…»

«አንተ ራስህ ባህር አይተሃል?»

«ከአውሮፕላን ላይ።»

«ከአውሮፕላን ላይ!» ዞር ብለው ለኮሪደሩ ነገሩት፤ ኮሪደሩ ባዶ ነበር። «ሰባት ዓመት ባህር ማዶ ኖሮ፣ ባህሩን በላዩ ላይ ዘሎት መጣ!»

እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ፣ እኔ ወረቀቱን ላነሳ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እትዬ አራሚ ተቀምጠዋል፤ ጋዜጣቸው ጭናቸው ላይ፣ ቀይ እስክሪብቷቸው ጆሯቸው ላይ።

«እንዳትነካው» አሉኝ።

እትዬ አራሚ ማተሚያ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። እኔ ሥራ እንደጀመርኩ ማህደራቸው ላይ «የቀድሞ ሥራ፦ አራሚ» የሚለውን አንብቤ፣ እርሻ ላይ አረም ሲነቅሉ የኖሩ መስለውኝ ከአትክልት ቡድን መደብኳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፈር የተሞላ የፕላስቲክ ባልዲ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቃል አልተነፈሱም። በሦስተኛው ሳምንት «ልጄ፣ እኔ የምነቅለው ፊደል ነበር» አሉኝ። ቀድመው ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው «ስህተቱን ጸሐፊው ራሱ ቢያገኘው ይሻላል ብዬ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ተመላሽ» ነው፤ ተቀባዩ ታጥቶ ለላኪው እንደሚመለስ ደብዳቤ።

በየጠዋቱ አዳራሹ ውስጥ፣ በምሥራቁ መስኮት ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣውን ከርዕሱ እስከ ሥራ ማስታወቂያው ያርሙታል። ሲጨርሱ ዓይናቸው ለደከመው ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ስህተቱን ጭምር። አንድ ቀን «ድልድዩ ተመረቀ» ሊል የፈለገ ጋዜጣ «ድልድዩ ተመረጠ» ብሎ ወጣ። «በስንት ድምፅ እንዳሸነፈ ግን አልጻፉም» ብለው ሲጨምሩበት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በአራቱም ቀኖቼ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

«አንድ ፊደል ናት እትዬ» አልኳቸው። «አሁኑኑ አስተካክዬ…»

«ስትለጥፈው ነው ያየኋት። አርባ ዓመት ስህተት ስነቅል ኖሬ፣ ከትክክሉ የሚሻል ስህተት ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ‹ከባህሩ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ።› ስማው እስቲ። ለካ ሁሉም ሰው የየራሱ ባህር አለው!» እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው አውርደው ወደ ኮሪደሩ ጠቆሙ። «ያ ሰውዬ ደግሞ በእግሩ ሲሄድ ሰማሁት። መልህቁን ያነሳ ፊደል አይታረምም።»

ልስቅ ስል ነው በሩ ላይ ለምን እንደተቀመጡ ያስተዋልኩት። በራሳቸው አልመጡም። ረዳቱ ደግፎ አምጥቶ፣ ሌላ ሰው ሊያነሳ ሲሄድ እዚያ አስቀምጧቸው ነው።

ከሁለት ወር በፊት ኮሪደሩ ላይ ወድቀዋል። ባለአራት እግሩ የብረት ድጋፍ አንዱ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራትቶ ይዟቸው ሄደ። አጥንት አልተሰበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ብረቱን በእጃቸው አልነኩትም። የቤቱ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ከክፍሉ እስከ መመገቢያው ያለ ሰው እርዳታ መምጣት የማይችል ነዋሪ ፎቅ ይወጣል። ፎቅ ላይ ምግብ አልጋ ድረስ ይመጣል፣ ነርስም ቅርብ ናት፤ ክፉ ቦታ አይደለም። ጠረጴዛ ግን የለውም፤ ጋዜጣ የሚያዳምጥም የለ። አሳንሰሩ በወር ሁለት ሳምንት ተበላሽቶ ነው የሚከርመው። ፎቅ ወጥቶ የወረደ ሰው እኔ አላየሁም።

ሐኪሙ ለምዘና የሚመጣው በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ነበር። በባህር ቀን።

«ሃያ አራት ቀን አለኝ» አሉ፣ ሐሳቤን ከፊቴ ላይ እንዳነበቡ። «ከክፍሌ እስከዚህ አርባ አንድ እርምጃ ነው። በቀን ሁለት ሁለት ብማር ይተርፈኛል።»

በማግስቱ ጀመርን። ደንቡን እንድንለምደው ብለው እንድነካቸው አልፈቀዱም፤ እኔ በጎን በኩል እጄን እንደ ጎል ጠባቂ ዘርግቼ እከተላለሁ። ግድግዳው በዘይት ቀለም የተቀባ ስለሆነ የሚጨበጥ ነገር የለውም። ድሮ የእንጨት መደገፊያ ነበረው አሉ፤ ለቀለም ቅቡ ተነቅሎ በዚያው ቀረ። ይዘውት የነበሩት ሰባት ብረቶች ብቻ፣ በአረጀ ድድ ላይ እንደቀሩ ጥርሶች፣ ተራርቀው ይታያሉ። በመጀመሪያው ቀን ስምንት እርምጃ፣ በሁለተኛው አሥራ አንድ። በሦስተኛውም አሥራ አንድ ላይ ቆሙ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሳሉ።

ጋሽ መልህቅ በራቸውን ገርበብ አድርገው ያዩን ነበር።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እየተራመድን ነው» አልኩ።

«አይመስልም እንጂ!» ካሉ በኋላ ምናልባት አዝነው፣ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሏቸው።

«እንቁላሉ የሚሄደው ጫጩት ሆኖ ነው» አሉ እትዬ አራሚ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እኔ ጫጩትነቱን ከጨረስኩ ሰባ ዓመቴ። ደግሞ አንቺ መባባል መቼ ጀመርን?»

«ማዕበል ውስጥ አንቱ የለም።»

ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ነጠላ ጫማቸው የግራና ቀኝ ተቀያይሮባቸዋል። «ስህተትሽን ልንገርሽ? የምታስቢው እግርሽን ነው። መርከብ ላይ ማዕበል ሲነሳ በእግሩ የሚሄድ ሞኝ ብቻ ነው። ሰው የሚሄደው በእጁ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ይወጠራል። እጅ ይቀድማል፣ እግር ይከተላል። እጅ ካልያዘ እግር አይነሳም።»

«እዚህ ማዕበል የለማ ጋሼ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ለአንተ» አሉ እትዬ አራሚ።

ጋሽ መልህቅ ክፍላቸው ገብተው ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን እየጎተቱ አወጡ። ክዳኑ ሲከፈት የሬንጅና የጨው ሽታ ወጣ። ውስጡ አመድማ ገመድ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል። ከመጨረሻው መርከባቸው ሲሰናበቱ የወሰዱት ነው። ሰረቁት ወይስ ሰጧቸው፣ ሁለት ጊዜ ብጠይቃቸው ሁለት የተለያየ መልስ ሰጡኝ።

«ከባህሬ አንድ ነገር» አሉ፣ ትከሻቸው ላይ እየጫኑት።

ሲስተርን ማሳመን የኔ ድርሻ ሆነ። ሲስተር የነርሶቹ አለቃ ናት፤ ሠላሳ አራት ነዋሪ፣ አራት ነርስ፣ አንድ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ አላት። ስትናገርም ስትጽፍም አንድ ላይ ነው።

«ገመድ? በኔ ኮሪደር? አንዱ ተሰናክሎ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጌጥ ነው ሲስተር» አልኩ። «ለባህር ቀን።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በተከፈተው በር በኩል ሰባቱን ብረቶች አየች። እነዚያ ብረቶች እንጨታቸው እንዲመለስላቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራለች፤ ግልባጮቹን እኔው ፋይል ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ።

«በወገብ ልክ ይሁን። መሬት እንዳይነካ። ሐሙስ ማታ ይወርዳል» አለች። «እስከ ሐሙስ ብቻ። ሰምተሃል?»

ገመዱን በሰባቱ ብረቶች ውስጥ አሳልፈን ወጠርነው። አዳራሹ በር ጋ ሊደርስ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው አለቀ። ጋሽ መልህቅ ባዶውን ቦታ በክንዳቸው ሁለቴ ለኩት፤ ክንዳቸው የሚያጥር ይመስል። ሌላ ገመድ ብፈልግ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነበረው የልብስ ማስጫ ብቻ ነው፤ እሱንም በሁለት ጣታቸው ይዘው «ይህ ለካልሲ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ቤቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሮጬ ሄድኩ። ሻንጣዬ አምስት ወር ሙሉ አልጋው ግርጌ እንደቆመ ነው። በየጠዋቱ ሸሚዝ አወጣበታለሁ፣ ታጥቦ ሲደርቅ መልሼ አስገባበታለሁ፣ ወፍራሙን ቀበቶውንም መልሼ እቆልፋለሁ። ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም፤ ማለቴ ጠይቄ፣ መልሱን ሳልሰማ እወጣለሁ። ቀበቶውን ፈትቼ ይዤ ተመለስኩ።

ጋሽ መልህቅ ግራና ቀኝ ወጥረው ፈተሹት። «ይህ ከባህርህ ነው?»

«ከባህር ማዶ።»

«ይሁን፤ ይይዛል።» አንዱን ጫፍ ከገመዱ ጋር አያይዘው፣ ሌላውን በበሩ መቃን ላይ ካለው መንጠቆ ቆለፉት።

እትዬ አራሚ በዚያው ቀን ሞከሩት። እጃቸው ቀደመ፤ እግራቸው፣ ወደደም ጠላ፣ ተከተለ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ላይ ትንፋሽ ያስፈልገኛል። ነጠላ ሰረዝ አድርግበት።»

«ምን ላድርግበት?» አሉ ጋሽ መልህቅ።

«ቋጠሮ! እጄ ሲያገኘው ማረፍ እንዳለበት እንዲያውቅ። አንድ ዓረፍተ ነገር ያለ ሰረዝ አርባ አንድ ቃል ከሄደ አንባቢው ይሞታል። ወደፊት ደግሞ፣ ከአምስተኛው ብረት በፊት፣ ድርብ ሰረዝ። እዚያ ረዘም አድርጌ አርፋለሁ።»

«ሴትዮ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ገመድ ላይ ሰረዝ አድርግ ያለኝ አለቃ የለም።»

«ማንበብ የማይችል አለቃ ነበረህ ማለት ነው።»

እያጉረመረሙ ቀጭን ሲባጎ አመጡና በገመዱ ላይ ጠምጥመው ጠምጥመው አራት ትናንሽ እብጠትና አንድ ጥንድ እብጠት ሠሩ። ሥራቸው ንጹህ ነበር፤ ማሽን የሠራው ይመስላል። የገመዱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ «እዚህስ? አራት ነጥብ?» ብለው ጠየቁ።

«እሱን ስደርስ እነግርሃለሁ» አሉ እትዬ አራሚ።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ ገቡ። በሁለተኛው ሃያ ዘጠኝ። መዳፋቸው ውሃ ቋጠረ፤ ጓንት ባመጣላቸው «በጓንት ማንበብ አይቻልም» ብለው መለሱልኝ። ጋሽ መልህቅ በየጠዋቱ ከእኛ ቀድመው ኮሪደሩ ላይ ይገኛሉ፤ ገመዱን እንደ ክራር እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ላላ ካለ ይወጥሩታል። አልጋቸው ቀን ቀን ባዶ ሆነ። ስሙ ግን አልተቀየረላቸውም፤ አንዴ የወጣ ስም በእርምጃ አይሻርም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን እትዬ አራሚ አልተነሱም። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏል። አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ለቀናት በሆዴ ሲመላለስ የነበረውን አወጣሁት።

«እትዬ፣ ምናልባት ፎቁ ይህን ያህል አያስፈራ ይሆናል። ጋዜጣውን በየቀኑ እኔ አመጣልዎታለሁ። ጠረጴዛም እለምናለሁ። እኔ እንኳን ሳላምንበት ወረቀት እየሰቀልኩ ነው የኖርኩት፤ እርስዎን ደግሞ በገመድ…»

«ሻንጣህን ፈተሃል?» አሉ ከአፌ ነጥቀው።

«ቀበቶው ገመዱ ላይ ነው እኮ።»

«ስለ ቀበቶው አልጠየቅኩህም።»

ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

«ጋዜጣውንስ ታመጣልኛለህ። አርሜው ለማን ነው የማነበው? ለጣሪያው? ስማኝ ተመላሽ። እኔ ፎቁን ፈርቼ አይደለም። ያቺ ጠረጴዛ ላይ ሳነብ የሚስቁ አሥራ አምስት ሰዎች አሉ፤ አራቱ ቀኑን ሙሉ ሌላ ድምፅ አያሰሙም። ሥራ አለኝ ማለት ነው። ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንሳኝና እግሬን መሬት አስነካልኝ። ከዚያ በኋላ እጅህን ሰብስብ።»

ያን ቀን በባዶ እግራቸው የሄዱት አሥራ ስድስት እርምጃ ብቻ ነው። ከሃያ ዘጠኝ ወደ አሥራ ስድስት መውረድ ቢሆንም፣ እንደዚያ ቀን ያለ ጉዞ አላየሁም። ሲጨርሱ ላባቸውን በጋዜጣው ጠርዝ ጠርገው «ነገ ደግሞ» አሉ።

ሐሙስ ደረሰ። አንድም ወረቀት አልቆረጥኩም፤ ሰማያዊው ፋይል መሳቢያ ውስጥ ነው። ነዋሪዎቹ ግን ማስታወቂያውን እንዳለ አምነውት ነበር። ጡረተኛው ሾፌር የአውቶቡስ የጎን መስታወት ይዘው መጡ፤ «የኔ ባህር ከኋላዬ ነው» አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት አንድ ድፍን ሳሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ይኸው፣ አረፋውንም ማዕበሉንም እዚሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ» አሉ። ጥግ ላይ ያሉት ዓይነ ስውር አዛውንት ባዶ እጃቸውን መጡና «የኔ ባህር እንቅልፍ ነው፤ ይዤው መጥቻለሁ» ብለው ወዲያው አንቀላፉ። የሰው ሁሉ ወንበር ወደ በሩ ዞሯል። ምን እንደሚጠብቁ ማንም አልነገራቸውም፤ ሁሉም ያውቃል።

ሐኪሙ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ወጣት ነው፤ ቅጹን ሰሌዳ ላይ ቆንጥጦ ይዞ፣ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ከሲስተር ጋር አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ጋሽ መልህቅ ከጎናቸው፣ የገመዱ ጫፍ ላይ። እኔ ኮሪደሩ መሐል።

የእትዬ አራሚ በር ተከፈተ። ጸጉራቸውን አበጥረዋል፤ እስክሪብቷቸው ጆሯቸው ላይ ነው። ገመዱን ጨበጡ።

እጅ፣ እግር። እጅ፣ እግር። አሥራ አንደኛው ላይ ሰረዙን አገኙት፤ ቆሙ፣ ተነፈሱ፣ ቀጠሉ። አዳራሹ ውስጥ ማንኪያ እንኳን አልተሰማም። ሁለተኛው ሰረዝ። ሐኪሙ ሰዓቱን ማየት ተወ። ድርቡ ሰረዝ ላይ ደርሰው ረዘም አድርገው አረፉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እየቆጠሩ ነው። ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት።

ያኔ አምስተኛው ብረት ከግድግዳው ተነቀለ።

ልስኑ ዱቄት ሆኖ ረገፈ፤ ገመዱ ወደ ታች ሰመጠ፣ እሳቸውም አብረው ጎበጡ። እኔ ዘለልኩ፤ ሲስተርም ከበሩ ተፈናጠረች።

«ማንም እንዳይነካኝ!»

ድምፃቸው ሁለታችንንም ባለንበት ተከለን። ጎንበስ ብለው፣ በላላው ገመድ ላይ ሁለት እጃቸውን ቆልፈው ቆመዋል። ጋሽ መልህቅ የሻንጣዬን ቀበቶ ከመንጠቆው ፈቱ፣ ወገባቸው ላይ ጠመጠሙት፣ አንድ እግራቸውን የበሩ መቃን ላይ ተክለው በሙሉ ክብደታቸው ወደ ኋላ ጋደሉ። ገመዱ እያቃሰተ ተነሳ። ከገመዱ ጋር እትዬ አራሚም ቀና አሉ።

«ገና ላላ ብሏል! ወጥር!»

«እየወጠርኩ ነው! አንቺ እጅሽን አስቀድሚ!»

ሐኪሙ ወደ ሲስተር ዘንበል አለ። «ይህ ታዲያ የሰው እርዳታ አይሆንም?»

መልሱ የመጣው ከኮሪደሩ ነው። «እሱ የያዘው ገመዱን ነው ልጄ፣ እኔን አይደለም። አሁን ዝም በል፣ ቁጥር ታስረሳኛለህ።»

እጅ፣ እግር። አራተኛውን ሰረዝ አለፉ። የጋሽ መልህቅ አንገት ሥሩ ተገታትሯል፤ ነጠላ ጫማቸው አንዱ ወልቆ ሄዷል። ገመዱ አልቆ ቀበቶው ሲጀምር እትዬ አራሚ በጣታቸው ለዩት፤ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ፣ ያዙት፣ መጡ። የበሩን ደፍ ተሻገሩ። ጠረጴዛቸው ድረስ ያለው መንገድ በወንበር ጀርባ የተሞላ ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገሩ ሄደው ምሥራቁ መስኮት ሥር ተቀመጡ።

«እስከ በሩ አርባ አራት» አሉ ሲተነፍሱ። «ሦስት ቃል በዛብኝ።»

አዳራሹ ፈነዳ። አንቀላፍተው የነበሩት አዛውንት «ደረስን?» እያሉ ብድግ አሉ።

ሐኪሙ ግን እስክሪብቶው ቅጹ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው። «‹ያለ ሰው እርዳታ› የሚለውን እሺ ልበለው» አለ። «ቀጥሎ ግን ‹የሚጠቀሙት የድጋፍ መሣሪያ› ይላል። ምርኩዝ አይደለም፤ ብረት አይደለም…»

«ገመድ» አለች ሲስተር። «‹ሌላ ካለ ይገለጽ› የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። ግለጸው። የኮሪደር ገመድ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም።»

«እኔም አንብቤ አላውቅም። ጻፈው።»

ጻፈው። ሲስተር ቅጹን ተቀብላ ፈረመችና ወደ እኔ ዞረች። «መሣሪያ ተብሎ ከተጻፈ ሐሙስ ማታ አይወርድም። የነዋሪ መሣሪያ መንጠቅ በደንቡ ክልክል ነው። ያንን ብረት ዛሬውኑ በሲሚንቶ አስተክለው። ሌሎቹንም አስፈትሽ፤ ምንድነው የምታየኝ? ጌጥህ አይደል?»

«ቅጹን አምጪው እስቲ» አሉ እትዬ አራሚ ከጠረጴዛቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እስክሪብቷቸው ከጆሯቸው ወረደ። «ልጄ» አሉት ሐኪሙን፣ «የሐኪም ጽሕፈት መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ይህ የ‹ገመድ› መጨረሻ ‹ድ› ነው ‹ል›? በግመል የመጣሁ አስመሰልከኝ እኮ።»

ሐኪሙ አጎንብሶ አየ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። እትዬ አራሚ ፊደሏን በቀይ አስተካከሉ። «ይህችኛዋ ትታረማለች» አሉ ለኔ። በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ግን ቀና ብለውም አላዩት።

ከዚያ ጋዜጣውን ዘረጉ። ጋሽ መልህቅ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ የሻንጣዬን ቀበቶ እንደታጠቁ፣ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

«አንቺ ሴትዮ!» ብለው ተጣሩ። «ደርሰሽ የለም? አራት ነጥቡን የት ልሠርልሽ?»

እትዬ አራሚ በጋዜጣው ላይ አሻግረው አዩአቸው፤ ከእሳቸው አልፈው ኮሪደሩን፣ የረገፈውን ልስን፣ ከጫፉ ያለውን ክፍላቸውን አዩ።

«ወደ ክፍሌ መመለሻው ይቀረኛል» አሉ። «ነገ ደግሞ ሥራ አለኝ። ነጠላ ሰረዝ አድርግበት።»